ከግድግዳ ጋራ የተመረገ ጎረቤት

የቀድሞ ሰዎች ቤት ሊሠሩ ሲነሡ ከዕንጨቱና ከሣሩ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጎረቤት ነበረ። ዕንጨቱ ቢበላ ይለወጣል፥ ሣሩ ቢያፈስ እንደ ገና ይከደናል፤ ጎረቤት ግን እንዲህ በቀላል አይለወጥም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውም ቃል በከንቱ የተነገረ አይደለም። የሆነ ሆኖ ጎረቤት ምንም ቢወደድ በሩ ሌላ፥ ምሰሶውም ሌላ ነው። እሳት ሊጭር ይመጣል፥ ቡና ሊጠጣ ይጠራል፥ ሲመሽም ወደ ቤቱ ይገባል። ከቤቱ ግድግዳ ጋራ አብሮ ተመርጎ፥ ባለቤቱ ሲሠራም ሲያርፍም እየተናገረ የሚኖር ጎረቤት በቀድሞ ዘመን ከቶ አልተሰማም። በዚህ ዘመን ግን እንዲህ ያለው ጎረቤት ታየ፤ ማደሪያውም በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል የሚለውን ጥያቄ በየካ አባዶ በአንድ ሰው ቤት ከሆነው ነገር መመርመር ይቻላል።

በየካ አባዶ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ሰፈር፥ ከአንዱ ሕንፃ በአራተኛው ፎቅ ላይ፥ ዕድሜው ከኀምሳ ዓመት ያለፈ አንድ የቅኔ መምህር ይኖራል። መስኮቱን ከፍቶ አሻግሮ ቢመለከት ከእንጦጦ ተያይዞ የመጣው ተራራ ይታየዋል። ወደ ታች ቢመለከት ደግሞ ልብስ የተሰጣባቸው ገመዶች፥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፥ ወደ መሐል ከተማም ለመውረድ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሠራተኞች ይታዩታል። በዚያ ሕንፃ ብዙ ቤተ ሰብ ይኖራል፤ ዳሩ ግን በደረጃው ላይ ሲገናኙ ደኅና አደሩ ከመባባል በቀር አንዱ የሌላውን ስም በውል አያውቅም። ስለዚህ በጎረቤት ረገድ ሰውየው ከባለጠጎች ወገን አልነበረም።

ይህ ሰው ቅኔን የተማረው በጐጃም ነው። ያስተማሩት መምህር ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ የቅኔ መጽሐፍም አልተዉም። ቅኔ በባሕርዩ የዕለት መሥዋዕት ነውና ትናንት የተቀኙት ለዛሬ ተመልሶ አይቀርብም። ባለቅኔው ያፈልቃል፥ ሰሚው ይደነቃል፥ ነገሩም በዚያው ያልፋል፤ የሚተርፈው በሰሚ ልቡና የተያዘው ብቻ ነው። እንግዲህ የእኒያ መምህር ቅኔ በደቀ መዛሙርታቸው ልቡና ተከፋፍሎ ይኖር ነበረ፤ ደቀ መዛሙርቱም በየአገሩ ተበትነዋል። ከእነርሱ አንዱ በሞተ ቊጥር አንድ ሣጥን ሳይከፈት ይቀበራል። የየካ አባዶው ሰው ዐሳብ ይህን ሁሉ ከመቃብር አስቀድሞ መሰብሰብ ነበረ።

በ2010 ዓ.ም. የእኅቱ ልጅ፥ በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የምትማር፥ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝታ በመስኮቱ አጠገብ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰበሰበውን የጻፈው በብዕርና በደብተር ነው። መኪናዪቱን ከፍቶ ሲመለከት፥ ከመጻፊያው ምልክት አጠገብ የሰዎች ፊት የተሣለበት ሌላ ምልክት አየ። ያን ምልክት ማንም አልጠራውም፤ ከመኪናዪቱ ጋራ አብሮ የመጣ ነበረ። በነካው ጊዜ ስሙን ጠየቀው፥ የስልኩን ቊጥር ጠየቀው፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ የሚያውቃቸውን ሰዎች ይዘረዝርለት ጀመር።

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቁ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በኮምፒዩተር ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቃ ከሁሉም በኋላ የሚተኛ አንድ ሥርዓት አለ። ባለሙያዎች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሉታል፤ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና ተብሏል። ዊንዶውስ፥ የአፕል ማክ ኦኤስ፥ በሊኑክስ ላይ የተሠራው ኡቡንቱም ከእነዚህ ወገን ናቸው። የተጫነው ቊልፍ የትኛው ፊደል እንደ ሆነ የሚለይ፥ የተጻፈውን ተቀብሎ የሚያኖር፥ ለየመስኮቱም ስፍራ የሚደለድል ይኸው ሥርዓት ነው። የመጻፊያው፥ የሒሳቡ፥ የሥዕሉ መሣሪያ ሁሉ በእርሱ ላይ እንደ ተከራይ ያድራል። ፌስቡክ፥ ቀድሞ ትዊተር ይባል የነበረው ኤክስ፥ ቴሌግራም የመሳሰሉት ማኅበራዊ መገናኛዎችም በወጉ ተከራዮች ናቸው። የሥርዓቱ ሠሪዎች ግን አንድ ዘመን ላይ፥ እነዚህን ከተከራይነት አውጥተን ከቤቱ ግድግዳ ጋራ እናዋሕዳቸው አሉ። ሰውየው ስሙን አንድ ጊዜ ካስገባ በኋላ የወዳጆቹ ዝርዝር በአንድ ስፍራ ይከማችለት፤ የሚጽፈውን ሁሉ ከሚጽፍበት ሳይነሣ ለሌሎች ያካፍል፤ የሚላክለትም ቃል በመስኮቱ ማዕዘን ብቅ እያለ ይታየው የሚል ነበረ ዐሳባቸው።

ጥቅሙ እውነተኛ መሆኑን መካድ ግፍ ነው። ለወጣት ሰው አንድ መሣሪያ ፈልጎ ማምጣትና መትከል እንደ ጨዋታ ነው። ዐይኑ ለደከመና ከመኪና ጋራ ዘግይቶ ለተዋወቀ ሰው ግን ከቤቱ ያልተገኘውን ነገር ከገበያ ፈልግ ማለት አትጠቀምበት ማለት ነው። የቅኔው መምህር ያ ምልክት በጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ባይጠብቀው ኖሮ ከቶ አይደርስበትም ነበረ። ስለ ተዘጋጀለት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ የትምህርት ቤት ወንድሞቹን አገኘ። አንዱ በባሕር ዳር፥ አንዱ በደሴ፥ አንዱ በኢየሩሳሌም፥ ሁለቱም በአሜሪካ ነበሩ። አንድ ማኅበርም አቆሙ፤ እያንዳንዱም የሚያስታውሰውን የመምህራቸውን ቅኔ እየጻፈ ወይም በድምፁ እያዜመ ይልክ ጀመር።

ከዚያ ወራት ደስታ አንዱ ብቻ ይነገር። መምህሩ በልቡናው የያዘው አንድ መወድስ ነበረ። መወድስ ስምንት ቤት ያለው ሲሆን የእርሱ አምስተኛው ቤት ጠፍቶት ነበረ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው በምላሱ ባዶውን ሲዳስስ ኖረ። አንድ ሌሊት፥ በየካ አባዶ ዶሮ ሳይጮኽ፥ በአሜሪካ ግን ገና ምሽት ሳለ፥ በማዕዘኑ ላይ ምልክት ብቅ አለ። ቢከፍተው የአንድ ወንድሙ ድምፅ ነበረ፤ የጠፋውንም ቤት በዝግታ አዜመለት። ያ ሰው በሌሊት ሥራ የሚያድር፥ መኪና በማቆሚያ ስፍራ የሚጠብቅ ነበረ፤ ቤቱም ትዝ ያለው ለሥራ ሲወጣ በመንገድ ላይ ነው። መምህሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ብቻውንም በጨለማ ስምንቱን ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሰ። ማኅበራዊ መገናኛ ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይህን ይመልከት።

ነገር ግን ጎረቤቱ በግድግዳው ውስጥ ነውና የሚናገረው በሌሊት ብቻ አልነበረም። መምህሩ አንድ ቃል ሲመረምር፥ የግሡን ዘር ሲፈልግ፥ ዐሳቡም ወደ ጥልቁ ሲወርድ ያ ማዕዘን ብቅ ይላል። አንዱ ሰላምታ ልኮ ነው፤ ሌላው የሠርግ ሥዕል፤ ሌላው ምንጩ የማይታወቅ ወሬ። ቅኔ የሚቈጥር ሰው ዐሳቡ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ሊነሣ ግድ ነው። ስለዚህ ነው የቅኔ ተማሪ ከጎጆ ርቆ፥ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ የሚቈጥረው። መምህሩ ግን ይህን ሁሉ እንደ ትንሽ ዋጋ ቈጥሮ ታገሠ። ዋናው ጉዳት የመጣው በሌላ በኩል ነው።

በማኅበሩ ውስጥ ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁ በጐጃም የሚኖሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። በተማሪነት ዘመን የመምህሩ አስነጋሪ ሆነው ቅኔውን ሲያርሙለት የነበሩ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር መሪጌታው አንድ ጉባኤ ቃና በልጅ ልጃቸው እጅ አስጽፈው ላኩ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ የየካ አባዶው ሰው ግን ሁለተኛውን ቤት ቢመረምር ምሥጢር የጐደለው መሰለው። በዚያን ጊዜ ለራሱ ማስታወሻ ይሆነው ዘንድ ከቅኔው በታች፦ «መሪጌታ ወርቁን ጥለው ሰሙን ይዘው ቀሩ፤ እርጅና ነው» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉንም ሊያኖር ሲል ከማኖሪያው ትእዛዝ አጠገብ የነበረውን የማጋሪያ ትእዛዝ ነካ። መኪናዪቱም ለወትሮው ወዴት እንደሚልክ ታውቅ ነበርና ሳትጠይቀው ቃሉን ለማኅበሩ ሁሉ አደረሰች። ለመመለስ እስኪጣደፍ ድረስ ዐሥሩም አንብበውታል። መሪጌታው አንዳች አልመለሱም። በማግሥቱ ስማቸው ከማኅበሩ ዝርዝር ላይ አልነበረም።

ሰውየው ይቅርታ የሚለምንበትን ቃል ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጽፍና ሲሰርዝ ቆየ። ይህን ሲያደርግ በየካቲት 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሣው ችግር ወራት ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሩ ውስጥ ተገደቡ፤ ገደቡም እስከ ሐምሌ፥ አምስት ወር ያህል ቆየ። መንገድ አዋቂዎች ቪፒኤን በሚባለው ስውር መተላለፊያ ይገቡ ነበረ፤ የቅኔው መምህር ግን ከእነዚያ ወገን አልነበረም። ምልክቱ እንደ ቀድሞው በጠረጴዛው ላይ ነበረ፥ ፊቶቹም እንደ ተሣሉ ነበሩ፤ ቢነኩት ግን መልስ አይሰጥም።

የእኅቱ ልጅ እሑድ መጥታ እንዲህ ተክዞ አገኘችው። ነገሩን ሰምታም፦ «ታዲያ ጋሼ፥ ስልክ አይደውሉላቸውም?» አለችው። መምህሩም ቊጥራቸውን ከቶ እንዳልጻፈው ያን ጊዜ አስተዋለ። አራት ዓመት ሙሉ የመሪጌታውን ፊት ነክቶ ተናገረ እንጂ ቊጥር አልፈለገም። ከመኪናዪቱ በፊት በነበረው አሮጌ ደብተሩ የብዙ ሰው አድራሻ ነበረበት፤ መኪናዪቱ ከመጣች ወዲህ ግን አንድ ስም እንኳ አልጨመረበትም።

«ይህን ጎረቤት በግድግዳዬ ውስጥ የመረገው ማን ነው? ስለ ምንስ መረገው?» ብሎ በቊጣ ጠየቃት። ልጅቱም ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ሳትጭን የነገሩን ታሪክ አስረዳችው። እንዲህ ያለው ሥራ የተጀመረው አሁን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 የወጣው ኡቡንቱ 10.04 ከመስኮቱ በላይ ባለው መስመር የባለቤቱን ስም አኖረ፤ በዚያም ጉዊበር በሚባለው መሣሪያ አማካይነት ወደ ትዊተርና ወደ ፌስቡክ ቃል መላክ ይቻል ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2012 አፕል ማውንቴን ላየን በሚባለው ሥርዓቱ ትዊተርንና ፌስቡክን ከማክ ጋራ አዋሐደ። በዚያው ዓመት በጥቅምት የወጣው ዊንዶውስ 8 የሰዎች ዝርዝር የሚባል ክፍል ነበረው፤ ከፌስቡክና ከትዊተር የሚመጡትን ወዳጆች ከፖስታ አድራሻዎች ጋራ በአንድነት ያሳይ ነበረ።

«ዐሳቡ መልካም ነበረ፤» አለች ልጅቱ። «ሰው የሚፈልገው ሰውን እንጂ ድርጅቱን አይደለም። ወንድምዎን ሲፈልጉ በየትኛው ድርጅት ቤት እንዳደረ ለምን ይጠይቃሉ? ስሙን ሲጠሩ ይምጣ ነው ነገሩ። ችግሩ ሌላ ነው። ያ ክፍል ከሩቅ ድርጅት ጋራ የሚነጋገረው ድርጅቱ በከፈተለት በር ነው። የበሩ ቊልፍ የድርጅቱ ነው። ድርጅቱ በሩን ያዛወረ ዕለት በቤት ውስጥ የተመረገው ክፍል ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል።»

እንዲሁም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፌስቡክ የመገናኛውን በር ስለ ለወጠ ከማይክሮሶፍት ሥራዎች ጋራ የነበረው ትስስር ተቋረጠ፤ በዊንዶውስ ውስጥ የነበረው የሰዎች ዝርዝርም ከፌስቡክ የሚመጣለትን አጣ። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2018 ሞሃቬ በተባለው ሥርዓቱ ትዊተርና ፌስቡክ ከግድግዳው እንዲወጡ አደረገ። የኡቡንቱውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀረ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 የወዳጆችን ፊት በመስኮቱ ግርጌ ለማኖር እንደ ገና ሞከረ፤ በ2021 በወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ያ ነገር አልነበረም። ይመረጋል፥ ይፈርሳል፥ ደግሞ ይመረጋል።

በሥርዓቱ ውስጥ ምን ሊገባ ይገባል የሚለው ክርክር እስከ ፍርድ ቤትም የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ማይክሮሶፍትን ከከሰሰባቸው ነገሮች ዋነኛው ኢንተርኔት መመልከቻውን ከዊንዶውስ ጋራ ማጣበቁ ነበረ። በ2004ም የአውሮፓ ኮሚሽን የዜማና የሥዕል ማጫወቻውን ከዊንዶውስ ጋራ አብሮ ስለ መስጠቱና ስለ ሌላም ጉዳይ 497 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ወሰነበት። ዳኞቹ የተመለከቱት የነጋዴዎችን ውድድር ነው፤ የቅኔው መምህር ጉዳት ከዚያ ዓይነት አልነበረም። ሆኖም ሥሩ አንድ ነው። ከቤቱ ጋራ የተሠራውን ነገር ባለቤቱ መረጠው ለማለት አይቻልምና።

መምህሩ ይህን ሰምቶ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም፦ «ፊደሉስ? እርሱስ ከመሠረቱ ጋራ የተሠራ ነው ወይስ ተከራይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቱ ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም ነበረ፤ ደስም አላት።

የፊደሉ ታሪክ እንዲህ ነው። ፊደላችን ከብራና ወደ መኪና ሲሸጋገር ብዙ መከራ አይቷል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ፥ ይህን ሁሉ ፊደል ለጥቂት ቊልፍ ማብቃቃት ግድ ሆኖባቸው ነበረ። ኮምፒዩተርም ከመጣ በኋላ በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በየበኩላቸው የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ። ዳሩ ግን ፊደሉ በዚያን ጊዜ በሥርዓቱ ውስጥ ተከራይ ነበርና እያንዳንዱ መጻፊያ ለፊደሎቹ የየራሱን ቊጥር ይሰጥ ነበረ። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የግእዝን ፊደል ተቀበለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የ«ሀ» ቊጥር 4608፥ የ«ሁ» 4609፥ የ«ለ»ም 4616 ሆነ፤ ይህም በየአገሩና በየመኪናው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል መልክና የአማርኛን የቊልፍ ድልድል ከሥርዓቱ ጋራ ይዞ መጣ። ፊደሉ ከተከራይነት ወጥቶ መሠረት ሆነ።

ያ መሠረት አልፈረሰም። በየካቲት መገናኛዎቹ ሲገደቡ «ሀ» እንደ ወትሮው 4608 ነበረ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፥ ድርጅቶች ሲጣሉና ሲታረቁ ፊደሉ አልተንቀሳቀሰም፤ ቊጥሩ የማንም ነጋዴ ገንዘብ አይደለምና በሩን ዘግቶ የሚሄድ ባለቤት የለውም። ደግሞም ፊደል ካልጻፉበት በራሱ አይናገርም። በሌሊት ማንንም አይቀሰቅስም።

በመጋቢት 12 ቀን መምህሩ ወደ የካ ዋሻ ሚካኤል ወጣ። ይህ በተራራው ደን ውስጥ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ የቆመው ምሰሶ ከሌላ ስፍራ መጥቶ የተተከለ አይደለም፤ ፈልፋዮቹ ሌላውን ዐለት እያወጡ ሲጥሉ እርሱን ትተውት የቀረ ነው። ስለዚህ ምሰሶውን ከወለሉ የሚለይ መጋጠሚያ የለም። መምህሩ እጁን በዐለቱ ላይ አኑሮ የእኅቱ ልጅ የነገረችውን ሁሉ አሰበ። የሚፈለፍል ሰው አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል፤ ያወጣውን መመለስ፥ የተወውንም ማዛወር አይችልምና። ዘመን የሚያልፍበትን ነገር ከዐለት የሚፈለፍል የለም፤ ለዚያ ዕንጨትና ጭቃ ይበቃል። ከተራራው ሲወርድ ግን ከዚህ ሁሉ ምርምር የሚበልጥ አንድ ዕዳ እንዳለበት ትዝ አለው። የመሪጌታውን ቊጥር ባያውቅም የሚያገለግሉበትን ደብር ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተሳፈረ። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጣ፤ ደብረ ማርቆስ አደረ፤ በማግሥቱም ወደ መሪጌታው አገር ደረሰ። ዐቢይ ጾም ነበርና መሪጌታው ከቅዳሴ በፊት በደጀ ሰላሙ አጠገብ በጥላ ተቀምጠው አገኛቸው። ሳይናገር ከእግራቸው ወደቀ።

«መሪጌታ፥ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሥ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር፤» አሉት። ካስነሡትም በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «ቃሉን የጻፍኸው አንተ ነህ፤ መኪናዪቱ ያደረገችው ማድረስ ብቻ ነው። እኔንም ያሳዘነኝ አርጅተዋል ማለትህ አይደለም፤ አርጅቻለሁ። ከእኔ ዘንድ ስትማር ቅኔህን ቈጥረህ በቀጥታ ወደ ጉባኤ ትወጣ ነበርን?»

«አልወጣም፤ አስቀድሜ ለእርስዎ እነግራለሁ፥ ይታረማል፥ ከዚያ በኋላ ነው።»

«እንግዲያስ ያን መንገድ ማን አጠፋው?»

መምህሩ የሚመልሰው አጣ። ነገሩ ግን ከሁሉ ይልቅ በዚህ ቃል ተገለጠለት። ሰው ለብቻው በሚያስበውና በጉባኤ በሚናገረው መካከል አንድ መንገድ አለ፤ ስሕተት የሚታረመው፥ ቊጣም የሚበርደው በዚያ መንገድ ላይ ነው። በቀድሞው ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ወረቀቱን አጥፎ፥ አሽጎ፥ ወደ ፖስታ ቤት እስኪደርስ ድረስ ሦስት ጊዜ ለመጸጸት ጊዜ ነበረው። ማጋሪያው ከማኖሪያው ጎን ከተተከለ ግን ጎጆውና ጉባኤው አንድ ክፍል ሆኑ ማለት ነው። መንገዱን ያሳጠረ ሰው ጊዜን ማትረፉ እውነት ነው፤ አብሮ ያጠፋውን ግን አላሰበም።

ያን ዕለት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቈርሰው ከበሉ ወዲያ ስለ ጉባኤ ቃናዋ ተነጋገሩ። መሪጌታው ሁለተኛውን ቤት በዜማ አደረሱት። መምህሩ ሰምቶ ደነገጠ። በቤቱ መካከል ያለችውን አንዲት ቃል እርሱ አጥብቆ አንብቧት ነበረ፤ መሪጌታው ግን አላልተው ተናገሩአት፤ በዚህም የጐደለ የመሰለው ምሥጢር ምሉእ ሆኖ ተገኘ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና የልጅ ልጃቸው የጻፈው ትክክል ነበረ፤ ያነበበው ግን ተሳስቷል። ወርቁን የጣለው ማን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ታወቀ። መሪጌታው ግን አልተዘባበቱበትም፤ ሌሎች ሦስት ቅኔዎች ጨምረው ነገሩት፤ እርሱም በደብተሩ ጻፋቸው፥ በሚላሉትና በሚጠብቁትም ቃላት ራስ ላይ ምልክት አደረገ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ማኅበራዊ መገናኛ ከኮምፒዩተር ይውጣ የሚል አይደለም። ያለ እርሱ የመወድሱ አምስተኛ ቤት ከአሜሪካ አይመጣም ነበረ። ትምህርቱ ስፍራን ስለ መለየት ነው። በራሱ የማይናገረውና የሁሉ የሆነው ነገር ከመሠረቱ ጋራ ቢሠራ መልካም ነው። ከእነዚህ አንዱ ፊደል ነው፤ ሁለተኛውም ባለቤቱ ራሱ የሚይዘው የአድራሻ ዝርዝር ነው። የኤሌክትሮኒክ ፖስታም አካሄድ ከዚህ ወገን ይቈጠራል፤ ከአንዱ ድርጅት ቤት ወደ ሌላው ድርጅት ቤት ያለ ልዩነት ይደርሳልና። የሚናገረውና ጌታ ያለው ነገር ግን በደጅ ይቁም፤ ደጁም ሰፊና ለሽማግሌ የሚመች ይሁን፤ መዝጊያው በውስጥ በኩል ይሁን። ሥርዓቱን የሚሠሩ ሊቃውንት ሽማግሌው ወንድሙን በቀላል እንዲያገኝ ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ደጅን በመጥረግ ፈንታ ግድግዳን ማፍረስ አልነበረባቸውም።

መምህሩ ወደ የካ አባዶ በተመለሰ ጊዜ የእኅቱ ልጅ እንደ ፈቃዱ አስተካከለችለት። ማዕዘኑ ላይ ብቅ የሚለው ዝም እንዲል፥ ያ ምልክትም መኪናዪቱ ስትነቃ አብሮ እንዳይነቃ አደረገች። ሐምሌ መጥቶ መገናኛዎቹ ሲከፈቱ መሪጌታው ወደ ማኅበሩ ተመለሱ። መምህሩ ግን ቀን ቀን በሩን አይከፍትም፤ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ከፍቶ የወንድሞቹን ድምፅ ይሰማል፥ እርሱም የሚልከውን አስቀድሞ ለመሪጌታው ብቻ ይልካል። ካረሙትና ካቀኑት በኋላ ለማኅበሩ ይሰጣል።

በመስኮቱ አጠገብ፥ ተራራው በሚታይበት በኩል፥ አንድ ወረቀት በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በእርሱም ላይ የአሥራ አንድ ሰዎች ስምና የስልካቸው ቊጥር በእጅ ተጽፏል፤ የመሪጌታው ስም ከሁሉ በላይ ነው።